በር የነበረበት ግድግዳ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አሮጌውን ቤታችንን ሊያድስና ሊያሰፋ ተነሣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት መሄድ ለእኔ ጊዜ ማባከን ሆነ። ቤት ውስጥ አሸዋ ተቆልሎ፣ ትልልቅ ሰዎች ማንም ሳይቆጣቸው በመዶሻ ግድግዳ እየናዱ፣ ስለ ማባዛት የሚያወራ አስተማሪ ፊት ቁጭ ብሎ መዋል ምን ይሉታል?

ቤቱን የሠሩት የአባቴ አያት ናቸው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ በቀትር እንኳ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ነበር። ከፊት ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ጠባብና ረጅም ኮሪደር፣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሁለት መኝታ ቤቶች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ክፍል። ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ነበሩ። ዝናብ ሲጥል እናቴ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጃንጥላውን በአገጯና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ስትሮጥ ዛሬም ትታየኛለች። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ "በቃኝ" አለች። "ወይ ይሄን ቤት የሰው ቤት አድርገው፣ ወይ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ።" አባቴ እናቴን አይፈራም ነበር፤ አማቱን ግን ይፈራል። በሳምንቱ ግንበኛ ይዞ መጣ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው ክፍል የእታለም ነበር። እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። አላገባችም፤ መስኮቷ ሥር ባለው የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ ትሰፋለች። እናቴ ቢሮ ስለምትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። ፀጉሬን የምታበጥረው እሷ፣ የተነቃነቀ ጥርሴን በክር አስራ የምትነቅለው እሷ፣ ስዋሽ ፊቴን አይታ የምታውቀው እሷ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሣ በባዶ እግሬ ኮሪደሩን አቋርጬ፣ በሯን ገፋ አድርጌ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ እገባለሁ።

"ማናት ይቺ በረዶ እግር?" ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ሌባ ነኝ።"

"ምን ልትሰርቂ መጣሽ?"

"ሙቀት።"

"ውሰድ። እንቅልፌን ግን እንዳትነካብኝ።"

ግንበኛው ቀጭንና ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ከኪሱ ቱንቢ አይጠፋም፤ ክር ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል የብረት ፍሬ ናት፤ ግድግዳ መዝመም አለመዝመሙን በእሷ ነው የሚያየው። ከዚያ የተነሣ ሰው ሁሉ ቱንቢ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ጋሼ ቱንቢ። እሱ በበኩሉ እኔን "ኢንጂነር" አለኝ፤ አባቴን "ጌታዬ" እያለ እኔን ኢንጂነር ማለቱ ከአባቴ በላይ መሆኔን የሚያረጋግጥ መሰለኝ። የማልገባበት ሥራ፣ የማልጠይቀው ጥያቄ ስለሌለ፣ አንድ ቀን ከእግሩ ሥር ሊያስወግደኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ አሮጌ መዶሻ ሰጠኝ።

"ነይ እስቲ ኢንጂነር። ልስን እንደ ሰው ነው፤ ከላይ አምሮበት ከውስጥ ታሞ ይገኛል። በእጀታው ሦስቴ መታ መታ አድርጊና ስሚ። ድፍን ድምፅ ከሰጠሽ ጤነኛ ነው፤ እንተወዋለን። ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ከድንጋዩ ለቋል፤ ታሟል። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ።"

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ከትምህርት ቤት መጥቼ ቦርሳዬን እወረውርና ግድግዳውን ሁሉ ማዳመጥ እጀምራለሁ። ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ሦስቴ እመታለሁ፤ ፊቴን አኮሳትሬ አስባለሁ፤ ምልክት አደርጋለሁ። እናቴ የሳሎኑ ግድግዳ በነጭ መስቀለኛ ምልክት መሞላቱን አይታ ጮኸች። ጋሼ ቱንቢ ግን ምልክቶቹን አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ካዳመጠ በኋላ "ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ይሄ ሁሉ ይወርዳል" አላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ልስኑ ሲወርድ ቤቱ አቧራ ሆነ። ምግባችን አቧራ አቧራ ይላል፤ አልጋ አንሶላው ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። እታለም ማሳል ጀመረች። "አቧራው ነው" አለች እናቴ። "አቧራው ነው" አለ አባቴ። እሷም ራሷ "አቧራው ነው" እያለች መስኮቷን ትከፍታለች። እኔ ግን ግድግዳውን የመረመርኩት፣ ይውረድ ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ጠዋት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጀርባዋ ታወራኝ ጀመር። "ጉንፋን ይዞኛል፤ ይጋባብሻል፤ ወደ አልጋሽ ሂጂ" ትለኛለች። እኔ የት ሰምቼ! ጀርባዋን አቅፌ እተኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ሳሎን መስኮቱ ፊት ቆሞ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ ሲመለከት አየሁት። እናቴ ወንድሜን አቅፋ ከትከሻው ጀርባ ቆማለች። በጥቁሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ይታያሉ፤ መሃላቸው ግንድ ቆሟል፤ ከግንዱ ግራና ቀኝ ነጫጭ ማገሮች ተደርድረዋል። የጣሪያችን ፕላን መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

"ይሄኛው ነው?" አለች እናቴ፤ ጣቷ ከአንደኛው ክፍል የላይኛው ጥግ ላይ ነበር።

"አዎ። ተበልቷል አሉኝ። የላዩ በሙሉ ተበልቷል።"

"ልጆቹስ? አንድ ኮሪደር እኮ ነው የሚለያቸው!"

አባቴ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አባቴ ስለ ጣሪያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ምስጥ ነው፤ አልኩ በሆዴ። ጋሼ ቱንቢ ስለ ምስጥ ነግሮኝ ነበር፤ አንዱን ክፍል በልቶ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ፕላን አልነበረም። የእታለም ሳንባ ነበር። ዛሬ ሐኪም ቤት የሳንባ ፎቶ መስኮት ላይ ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር ማገር መቁጠር እጀምራለሁ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በዚያን ጊዜም ነበረ፤ እሷ ዘንድ ግን ዘግይቶ ደረሰ። አቧራው ነው እየተባለ ብዙ ወራት ባክነዋል።

በማግሥቱ ግቢ ውስጥ አባቴ፣ ጋሼ ቱንቢና እታለም ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አየኋቸው። እታለም ከሁለቱ ራቅ ብላ፣ አፏን በመሐረብ ይዛ ቆማለች። በእንጨት መሬት ላይ መስመር ታሠምራለች፤ ጋሼ ቱንቢ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ እንደገና ታሠምራለች። አባቴ ጀርባውን አዙሯል። ድምፃቸው አይሰማኝም። ክፍሌን አትንኩብኝ እያለች የምትለምናቸው መሰለኝ፤ ማንም እንዳልሰማትም ከሁኔታው ተረዳሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልብሴ ተሰብስቦ አያቴ ቤት ተላክሁ። "አቧራው እስኪቀንስ ነው" ተባልኩ። እታለምን ልሰናበት ስሮጥ እናቴ ኮሪደሩ መሃል ያዘችኝ። "ተኝታለች፤ አትቀስቅሻት" አለችኝ። በሩ ተዘግቶ ነበር። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ የተኛ ሰው እንዴት ይሰፋል ብዬ ልጠይቅ ስል አባቴ መኪና ውስጥ ሆኖ ጠራኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ በሩ የለም።

ኮሪደሩን ሮጬ ሄጄ ጫፉ ላይ ቆምኩ። በር የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ፣ እርጥብ፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት ግድግዳ ተገትሯል። መቃን የለ፣ እጀታ የለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የለ። እጄን ሳሳርፍበት ቀዘቀዘኝ፤ መዳፌም ግራጫ ሆነ።

"እታለምስ?" አልኩ።

"ሥራ አግኝታ ሩቅ አገር ሄደች" አለች እናቴ፤ የወንድሜን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

"ሳትሰናበተኝ?"

"መኪናው ቸኮለባት። ልቧ አንቺ ጋ ነው፤ ሳሚልኝ ብላለች።"

"ክፍሏስ? ምስጥ በላው?"

እናቴ እጇን አቆመች። ከዚያ አዲስ ነገር እንደተሰጠው ሰው ፈጠን ብላ "አዎ! ምስጥ" አለች። "ምስጥ በልቶት ነው የተዘጋው። ጓሮም ጉድጓድ ስላለ እንዳትሄጂ፤ ትገቢበታለሽ።" እውነትም ወደ ጓሮ የሚያስኬደው መተላለፊያ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር።

ላምናት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ግን ወደ ሳሎን ስመለስ የልብስ መስቀያው ሥር የእታለምን ጥቁር ጫማ አየሁት። አንድ የክት ጫማ ብቻ ነበራት፤ በነጠላ ጫማ ሱቅ እንኳ የማትሄድ ሴት ናት። ሩቅ አገር በነጠላ ጫማ አይኬድም። ጫማው እዚህ ካለ ባለቤቱም እዚህ አለች። ግቢ ውስጥ ስትለምናቸው አይቻለሁ። እምቢ ስትላቸው ክፍሏ ውስጥ ትተው ግንቡን ሠሩባት። ይሄን ያህል ቀላል ነበር፤ ሲደመር ልክ የሚመጣ ሒሳብ። የገዛ ወላጆቼ ይሄን አድርገዋል ብዬ እንዴት እንዳመንኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ግን አመንኩ፤ አምኜም አብሬያቸው ራት በላሁ።

በማግሥቱ ጋሼ ቱንቢን መሰላል ሥር አግኝቼ "ሰው ግንብ ውስጥ ቢቀር ስንት ቀን ይኖራል?" አልኩት።

"የምን ጥያቄ ነው ደግሞ? አንድ ቀንም አይኖር። አየር ከየት ያገኛል?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዴት እያየሁ እንደሆነ አየና ሳቁ ጠፋ። "ያ ግድግዳ ገና አልደረቀም፤ ኢንጂነር። እሱን አትንኪው፤ እሺ?"

ስለዚያ ግድግዳ ሲያወራ ዓይን ዓይኔን ማየት አቃተው። በቃ፣ ሞታለች፤ አልኩ።

ከዚያ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። እናቴ በየቀኑ በተከደነ ሳህን ምግብና አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛ ቆርቆሮውን ገፋ አድርጋ ወደ ጓሮ ትዞራለች። "ለሠራተኞቹ ነው" ትላለች። ሠራተኞቹ ግን የሚበሉት ከፊት ለፊት፣ አሸዋው አጠገብ ነው። ያ ሳህን ከሌሎቹ ጋር አይታጠብም፤ ለብቻው ይቀቀላል። የሞተችው እንዳትቆጣ እየቀለቧት ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አይ ነበር፤ ይሄንንም በፍርሃት ተረጎምኩት።

ግድግዳውን ለመንካት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከትምህርት ቤት መጥቻለሁ፤ እናቴ ከወንድሜ ጋር ሳሎን ተኝታለች፤ ከውጭ አካፋ አሸዋ ሲዝቅ ይሰማል። መዶሻዬን ይዤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ሥራዬን ነው የምሠራው፤ አልኩ ለራሴ፤ ድፍን ይሁን ባዶ ላጣራ። ሦስቴ መታሁት። ባዶ ነበር። ምልክት ላደርግ ጠመኔዬን ከኪሴ ሳወጣ፣ ከወዲያ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስቴ ተመለሰልኝ።

እንዴት አድርጌ ኮሪደሩን እንደጨረስኩት አላውቅም። አልጋ ሥር ገብቼ እናቴ ለራት እስክትጠራኝ አልወጣሁም።

በሕይወት ነበረች። አሁን ይሄን ስጽፍ ያቺን ልጅ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አውጥቼ ልነግራት እፈልጋለሁ። ክፍሉ በኮሪደሩ በኩል ተዘግቶ በጓሮ በኩል አዲስ በር ወጥቶለት ነበር። እታለም እዚያ ውስጥ፣ ከእኔ አንድ ብሎኬት ርቀት ላይ፣ መስኮቷን ከፍታ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። አልጋዋም ከዚያ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነበር። የተደበቀችው ሰፈሩ እንዳይሸሸን፣ እኔንም ከትምህርት ቤት እንዳያስወጡኝ፣ ሠራተኞቹም ጥለው እንዳይሄዱ ነው። ለወላጆቼ ድምፄን አላሰማትም ብላ ቃል ገብታ ነበር። ድምፅ አላሰማችም፤ ግድግዳ ስመታ ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

በነጋታው ተመልሼ ሄድኩ። ፍርሃት የሚገርም ነገር ነው፤ የሚያርቅሽን ያህል ይጎትትሻል። ሦስቴ መታሁ፤ ሦስቴ መለሰች። ሮጥኩ። በማግሥቱ አራቴ መታሁ፤ አራቴ መጣልኝ። ያን ቀን አልሮጥኩም፤ ቆሜ ልቤ ሲመታ አዳመጥኩ። እንዲህ እያልን ብዙ ቀን ሆነን። አንድም ቀን አላናገርኳትም፤ የሞተ ሰው ምን ይባላል? ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ መጀመሪያ የሚወስደኝ ወደዚያ ነበር። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያን ሰሞን እታለም ምግብ መብላት ጀምራ ነበር። ሐኪሙ እንኳ ተገርሞ ነበር አሉ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ፀጉሯን አበጥራ ቁጭ ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ለምትቀመጥ ልጅ። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ወላቃዋ እንላታለን። ወላቃዋ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

"ወዮልሽ!" አለችኝ። "የሞተ ሰው የሚያንኳኳው አንድ ሰው ሊወስድ ሲፈልግ ነው። በቤቱ ካሉት መጀመሪያ የሚወስደው ትንሹን ነው። ስትመልሺለት መንገዱን እያሳየሽው ነው።"

"ምን ይሻላል?"

"በስሟ ጠርተሽ ሞተሻል፣ አንፈልግሽም በያት። የሞተ ሰው መሞቱን ካልነገሩት አያውቅም።"

በቤታችን ትንሹ ወንድሜ ነበር። ያን ሳምንት ማክሰኞ ተኮሰው፤ ረቡዕ ማሳል ጀመረ። እናቴ ሳሉን ስትሰማ ፊቷ አመድ ሆነ። "እሱንም? እሱንም?" እያለች ደረቱ ላይ ጆሮዋን ስትለጥፍ አየኋት። እሱንም ያለችው ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ወላቃዋ ልክ ናት ማለት ነበር። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ የምዘጋውም እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴና አባቴ ወንድሜን ይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ጋሼ ቱንቢ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ይመታል። ኮሪደሩ ጫፍ ሄጄ ቆምኩ። ሦስቴ መታሁ። ሳልጨርስ ነው የመለሰችልኝ፤ ስትጠብቀኝ የቆየች ይመስል ፈጥና።

"እታለም" አልኩ።

ከወዲያ በኩል መታ መታ፣ መታ መታ፣ መታ መታ፤ ብዙ ጊዜ፣ ሳትቆጥር። ግድግዳው ከተሠራ ወዲህ ስሟን ስጠራት የመጀመሪያዬ ነበር።

"እታለም፣ ሞተሻል!" ብዬ ጮህኩ። "ሞተሻል፣ አታውቂም? አንፈልግሽም! እኔም አልፈልግሽም! ወንድሜን እንዳትወስጂው! ሁለተኛ እንዳታንኳኪ!"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት፤ ትንሽ ይጎተትና ይቆማል፣ ትንሽ ይጎተትና ይቆማል፤ እየራቀ፣ እየራቀ። እየሄደች ነው፤ አልኩ። ሰማችኝ፤ እየሄደች ነው።

አልጋዋን ነበር የምትጎትተው። ማንቆርቆሪያ ማንሣት ያቃታት ሴት የብረት አልጋ ከግድግዳው ነቅላ እስከ ወዲያኛው ጥግ ወሰደችው።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ ተራ ጉንፋን ነበር። እኔ ግን ያዳንኩት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። በየቀኑ ግድግዳውን መታ አድርጌ አጣራለሁ፤ መልስ የለም። ቤቱም ተጠናቀቀ። አዲሱ ወጥ ቤት ከሳሎኑ ጋር ተቀጠለ፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሙቅ ውሃ መጣ፤ ለእኔና ለወንድሜ ሰፊ መኝታ ቤት ተሠራልን። እንግዳ ሁሉ እየመጣ "ወይ ቤት! ወይ ቤት!" ይላል። ያ ግድግዳም ቀለም ተቀብቶ ትልቅ መስታወት ተሰቀለበት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳችም። የሞተች ዕለት እኔና ወንድሜ አያቴ ቤት ተላክን። ስንመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። ማን ሞተ ስላት "የአባትሽ ዘመድ፤ አንቺ አታውቂያትም" አለችኝ። እሺ ብዬ ልጫወት ወጣሁ።

እውነቱን የሰማሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ናት አንድ ከሰዓት ልብስ እየተኮሰች የነገረችኝ። በሩ ይዘጋ ያለችው፣ ግቢው መሬት ላይ መስመር እያሠመረች ግንቡን ያሠራችው እታለም ራሷ ነበረች። አባቴ ቁልፍ ይበቃል ብሎ ተከራክሯታል። "ያቺ ልጅ በር ካየች ትገባለች" አለችው። "ቁልፍ አይይዛትም። እኔም ደጋግማ ብታንኳኳ መክፈቴ አይቀርም። ለሁለታችንም በር አይኑር።" እናቴ ይሄን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ ስለ ሐሙሱ ቀን አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ባገባም፣ ብወልድም፣ ኮሪደሩን ባለፍኩ ቁጥር ግን ከጀርባዬ አንድ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠኝ ይመስለኝ ነበር። የምፈራት ስለሞተች አይደለም፤ ያን ሁሉ ወር በሕይወት ሆና ዝም ማለቷን ነው የምፈራው።

አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱ ለእኔ ደረሰ። ልጆቼ አደጉ፤ ክፍል ጠበበን፤ ባለፈው ወር ያን ግድግዳ አስከፍቼ የጓሮውን ክፍል ከቤቱ ጋር ላቀላቅለው ወሰንኩ። ሠራተኞቹ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይዘው መጡ። እኔ ግን ጋሼ ቱንቢን ሳላሳየው አይነካም ብዬ ከቤቱ በመኪና አመጣሁት። አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። አንቱ ስለው "ኢንጂነር፣ በሽምግልናዬ ባዳ ታደርጊኛለሽ?" ብሎ ተቆጣኝ።

ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር አደረግንለት። መስታወቱ ሲነሣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው።

"ይሄን ሳሳ አድርጌ ነው የሠራሁት" አለ። "አባትሽ ነው። 'ስትድን እንከፍተዋለን፤ ቀለል አድርገው' አለኝ። በድንጋይ ሞልቼው ቢሆን ኖሮ ድምፅ አያሳልፍም ነበር።"

"ያን ቀን ሰምተህ ነበር?" አልኩት።

"ያልሽውን አልሰማሁም፤ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። አልጋ ሲጎተት ነው የሰማሁት። በመሰላሉ ወርጄ በጓሮ በር ስገባ፣ አልጋዋን ወዲያ ጥግ አድርሳ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ 'ልጅቷ የሞትኩ መስሏታል' አለችኝ። 'ቆይ፣ አሁኑኑ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ' ብዬ ስነሣ እጅጌዬን ያዘችኝ። ሰው መንካት ከተወች ስንት ጊዜዋ!"

ሠራተኞቹ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጋሼ ቱንቢ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"'አለቀሰች?' ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የት አይቼ? ብቻ ዓይኗን ሳየው ጊዜ 'አዎ፣ ብዙ አለቀሰች' አልኳት። 'እንግዲያው ተዋት' አለችኝ። 'መሞቴ እንደሆነ አይቀርም። አንዴ አልቅሳልኛለች፤ ሁለተኛ አታስለቅሷት።' ስትሞት ያልነገሩሽ ለዚህ ነው። ሁላችንንም ቃል አስገብታን ነበር።"

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ ፊቴን ለማየት አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ይከነክነኛል፤ ኢንጂነር። ዋሽቻት ነው እንዴ?"

"አልዋሸሃትም፤ ጋሼ" አልኩት። "በጣም ነው ያለቀስኩት።"

"ተመስገን" አለ፤ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ተመስገን። በሉ ክፈቱት።"

ያን ሐሙስ፣ የአልጋው ድምፅ ሲጠፋ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ዳቦ ቆርሼ በላሁ። አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም ነበር።